የነጭ ቀለም ምስክርነት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በጥንታዊ ሥዕል ላይ ያለ የቀለም ዱቄት ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል እንደሚያስተማምን፣ ወሰኑስ የት ድረስ እንደሆነ ለመረዳት፣ በሆላንድ አገር የተፈጸመውን አንድ ጉዳይ መመርመር ይበቃል።

በ1937 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) «እራት በኤማሁስ» የተሰኘው ሥዕል በሮተርዳም ከተማ ለሚገኘው የቦይማንስ ሙዚየም ተገዛ። ስመ ጥሩው የሥነ ጥበብ ሊቅ አብርሃም ብሬዲዩስ፣ ሥዕሉ በ1675 የሞተው የዮሐንስ ፈርሜር ሥራ መሆኑን መስክሮለት ነበር። በ1945 ግን ሃን ቫን ሜኸረን የተባለ ሠዓሊ፣ አንድ የፈርሜር ሥዕል ለናዚው ሹም ለሄርማን ጎሪንግ እንዲሸጥ አድርጓል ተብሎ ታሠረ። ከጠላት ጋር መተባበር ከባድ ወንጀል ነበርና፣ ሠዓሊው ራሱን ለማዳን ያንን ሥዕልም ሆነ የኤማሁሱን የሠራው እርሱ ራሱ መሆኑን ገለጸ።

ሰውየው ተጠንቅቆ ነበር። የ17ኛው መቶ ዓመት ሸራ ፈልጎ አግኝቷል፤ ሰማያዊውን ከላፒስ ላዙሊ ድንጋይ፣ ነጩን ከእርሳስ አዘጋጅቷል። የዘይት ቀለም ፈጽሞ እስኪጠነክር ብዙ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ ከፌኖልና ከፎርማልዴሃይድ የተሠራ ሙጫ ጨምሮ በምድጃ አድርቆታል። በቤልጅጉ ሊቅ በፖል ኮርማንስ የሚመራው የመርማሪዎች ቡድን ይህንኑ የ20ኛው መቶ ዓመት ሙጫ አገኘበት። ለጎሪንግ በተሸጠው ሥዕልም ላይ ቴናር በ1802 ያስገኘው የኮባልት ሰማያዊ ታየ። ፍርድ ቤቱ በ1947 የአንድ ዓመት እሥራት ፈረደበት፤ ሠዓሊውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞተ። ይሁን እንጂ የኤማሁሱ ሥዕል የፈርሜር ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አልጠፉም።

ክርክሩን የሚቆርጥ መልስ የተገኘው በ1967 እና በ1968፣ በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ ይሠራ ከነበረው ከበርናርድ ኪሽ ነው። ኪሽ የተነሣው ከነጩ ቀለም ነበር። በእርሳስ ማዕድን ውስጥ ጥቂት ዩራኒየም ይገኛል፤ ይህም ደረጃ በደረጃ እየፈረሰ ራዲየም-226ን፣ ራዲየሙም በፈንታው እርሳስ-210ን ያስገኛል። ማዕድኑ በምድር ውስጥ ሳለ የሚፈርሰውና የሚተካው እርሳስ-210 እኩል ነው። ማዕድኑ ሲቀልጥ ግን ራዲየሙ አብዛኛው ከቆሻሻው ጋር ሲወገድ፣ እርሳስ-210 ከተራው እርሳስ ስለማይለይ አብሮ ይቀራል። ምንጩ እንደ ደረቀበት ኩሬ መጉደል ይጀምራል፤ ትርፉ በየ22 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ ከቀረው ጥቂት ራዲየም ጋር ይስተካከላል። በ300 ዓመት ውስጥ ከትርፉ የሚቀረው ከአሥር ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

ኪሽ የእርሳስ-210ን መጠን ለማወቅ ከእርሱ የሚገኘውን ፖሎኒየም-210ን ለካ። ከኤማሁሱ ሥዕል በተወሰደው ነጭ ቀለም፣ በአንድ ግራም እርሳስ ውስጥ በየደቂቃው የሚፈርሰው ፖሎኒየም 8.5 ሲሆን፣ ራዲየሙ 0.8 ብቻ ሆነ። ሥዕሉ የ300 ዓመት ዕድሜ ቢኖረው ኖሮ፣ ትርፉ 7.7 ወደ ኋላ ሲሰላ እርሳሱ በቀለጠበት ቀን ከ90000 በላይ መሆን ነበረበት፤ ይህም ለቀለም በሚቀልጥ ተራ የእርሳስ ማዕድን ውስጥ የማይታሰብ ነው። እንግዲህ እርሳሱ የቅርብ ጊዜ ነው፤ ሥዕሉም የፈርሜር ሊሆን አይችልም።

ይህ ውጤት የተናገረውንና ያልተናገረውን መለየት ግን ያስፈልጋል። ልኬቱ ቫን ሜኸረን ሠራው አይልም፤ ይህን ያስረዱት የራሱ ቃልና ሌሎች ማስረጃዎች ናቸው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ቢገኙ ኖሮም፣ የሚያረጋግጡት የእርሳሱን ዕድሜ እንጂ የሠዓሊውን እጅ አይደለም፤ አስመሳዩ ከጥንት ሥዕል ላይ የተፋቀ ነጭ ቀለም ቢጠቀም ልኬቱ በዝምታ ያልፈዋል።

የብሬዲዩስ ስሕተት ዓይኑን ማመኑ ብቻ አልነበረም፤ ዓይኑ ሊመሰክር ከሚችለው በላይ መመስከሩ ነበር። የቤተ ሙከራ ሰውም ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም። የሲሚንቶ ናሙና መርምሮ ስለ ድልድዩ ሁሉ የሚፈርም መሐንዲስ፣ የቀለም ቅንጣት መርምሮ የሠዓሊ ስም ከሚጽፍ ኬሚስት አይለይም። የምርመራ ወረቀት የሚታመነው፣ ያረጋገጠውን ብቻ ሳይሆን ሊያረጋግጥ ያልቻለውንም በግልጽ ሲጽፍ ነው።