በአገሯ የተከለከለች ቦክሰኛ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ፈረስ ቤት፣ የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪፈላ አንድ ነገር እናውጋችሁ። ሦስተኛው አጀንዳ ላይ ስንደርስ ይጠቅመናል።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ስብሰባ ልጆቻችን ጥያቄ አቅርበውልን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ስለሚሆን ቦክስ እንማርበት አሉን። የሚያስተምረን መምህር አለ፣ ጓንቱንም ራሳችን እናፈላልጋለን አሉ። ያን ቀን ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን ሳቅን፣ ግማሾቻችን ተቆጣን። «ቡጢ የተማረች ልጅ ማን ያገባታል?» ያልነውም እኛው ነን፤ ማን እንዳለው ግን አንጠራም። ከደጋፊዎቻችንም «ይህ ከቁጠባውና ከዶሮ እርባታው ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ መጣልን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ውሳኔውን ለዛሬ አሳደርነው።

ልጆቹ አልተከራከሩንም። በሌላ ቀን ቡና ላይ ስልካቸውን ይዘው መጡና አንዲት ሴት አሳዩን። ዛሬ የምናወጋችሁ የዚያችን ሴት ነገር ነው።

ስሟ ሴሲሊያ ብሬክሁስ ይባላል። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1981 በደቡብ አሜሪካ፣ በኮሎምቢያ፣ ካርታኼና በምትባል ከተማ ነው። ገና የሁለት ዓመት ሕፃን ሳለች የኖርዌይ ባልና ሚስት በጉዲፈቻ ወስደው በርገን በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ አሳደጓት። ጥቁር ፀጉር ያላት ጠይም ልጅ በበረዶ አገር ማደጓ ነው። በጉርምስናዋ መጀመሪያ ኪክቦክሲንግ የሚባለውን፣ በእጅም በእግርም የሚመታበትን ስፖርት ጀመረች። ቤተሰቦቿ እንዳያውቁባት ተደብቃ ነበር የምትሄደው። ይህን ስንሰማ አንዳችን «እዚያም እንደኛው ነው እንዴ!» አለችና ሳቅን። ለካ ፈረንጅ እናትም ልጇ ስትመታ ማየት አትወድም።

ከዚያ ወደ ቦክስ ተሻገረች። መጀመሪያ አማተር ነበረች። አማተር ማለት ለክለብና ለአገር የሚጋጠም ነው፤ ዙሩ ጥቂት ነው፣ በዚያን ጊዜም ራስ ላይ መከላከያ ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የአውሮፓን ሻምፒዮና አሸነፈች፤ በማግስቱ ዓመት ኒው ዴልሂ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘች። ኦሎምፒክ ግን አልነበረላትም። የሴቶች ቦክስ ኦሎምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ነው፤ ያን ጊዜ እሷ ሥራዋ ካደረገችው ዓመታት አልፈው ነበር።

ነገሩ የሚከብደው ሥራዋ ልታደርገው ስትነሣ ነው። ኖርዌይ ፕሮፌሽናል ቦክስን፣ ማለትም ለገንዘብ የሚደረገውን፣ በሕግ ከልክላ ነበር። ሕጉ የወጣው እሷ በተወለደችበት በዚያው በ1981 ነው። የከለከለውም ሴቶችን ብቻ አልነበረም፤ ወንድም ሴትም እኩል ነበሩ። ምክንያቱም ከንቱ አይደለም፦ ጭንቅላት ላይ የሚያርፍ ቡጢ አንጎል ይጎዳል። ይህን ሐኪም ሳይነግረን እኛም እናውቀዋለን። ከመካከላችን ጭንቅላቷ ላይ ተመትታ የማታውቅ ስንት ናት? የኛ ግን ገንዘብም ዳኛም አልነበረውም።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2007 ፕሮፌሽናል ስትሆን ወደ ጀርመን ሄደች። በ2009 ጀርመን ውስጥ ኪል በምትባል ከተማ ሁለት የዓለም ቀበቶዎችን በአንድ ሌሊት ወሰደች። ቀበቶ የሚሉት የሻምፒዮንነት ምልክቱን ነው። ትልልቆቹ የቦክስ ድርጅቶች አራት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀበቶ ይሰጣሉ። በመስከረም 2014 ኮፐንሃገን፣ ዴንማርክ ውስጥ፣ ክሮኤሺያዊቷን ኢቫና ሐባዚንን አሸንፋ አራተኛውን ጨመረች። በአንድ የክብደት መደብ አራቱንም በአንድ ጊዜ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት።

እስኪ አስቡት። አገሯ የዓለም ሻምፒዮን አላት፤ ሻምፒዮኗ ግን በአገሯ መድረክ መውጣት አትችልም። የበርገን ሰው የራሱን ልጅ ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት።

እኛ ቡናው ላይ ረጅም ጊዜ የተነጋገርነው ስለ ቀበቶዎቹ አይደለም፤ ስለዚህ ነው። ሕጉ ቦክሱን አላስቀረውም። ያስቀረው የኖርዌይ ዓይን ማየቱን ነው። የኛም ቤት ይህን ያውቃል። ትምህርቷን እንዳትቀጥል የከለከልናት ልጅ አርፋ አልተቀመጠችም፤ በሌሊት ተነሥታ ባሕር ዳር ሄደች፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዐረብ አገር። ስትታመም ያስታመማት ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም። ደመወዟን ማን እንደበላባትም አናውቅም። ከልክለን ጠበቅናት ብለን ነበር።

ክልከላ ሁሉ ክፉ ነው አላልንም፤ እንዳይሳሳትብን። ልጅ ከ18 ዓመት በታች እንዳትዳር የሚለውን ሕግ ይዘን ሽማግሌ ፊት ስንሟገት የኖርን እኛው ነን፤ ዛሬም እንሟገታለን። ያ ክልከላ ግን ልጅቱን በሌላ ሰው ፈቃድ ከመወሰድ ያድናታል። የቦክሱ ሕግ ያገደው ራሷ አውቃ፣ ለአካለ መጠን ደርሳ የመረጠችውን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የኖርዌይ ምክር ቤት ክልከላውን ያነሣው በ2014 መጨረሻ ነው፤ አራተኛውን ቀበቶ ባገኘች በጥቂት ወር ውስጥ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2016 ኦስሎ ላይ በአገሯ ሕዝብ ፊት ተጋጠመች፤ ፈረንሳዊቷን አን ሶፊ ማቲስን በሁለተኛው ዙር ጨረሰቻት። የያኔዋ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኤርና ሶልበርግ፣ እሷም ሴት ናት፣ ተገኝታ ተመለከተች። ፕሮፌሽናል ከሆነች ዘጠኝ ዓመት አልፏት ነበር።

ልጆቹ በስልክ ያሳዩን የ2018ቱን ነው፤ አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ። ኤችቢኦ የሚባለው ቴሌቪዥን 45 ዓመት ሙሉ ቦክስ ሲያስተላልፍ የሴቶችን ግጥሚያ አሳይቶ አያውቅም ነበር፤ የመጀመሪያው ይህ ሆነ። (በዚያው ዓመት ቦክስ ማስተላለፉን ጨርሶ ተወው። ለሴት ሲደርስ ድግሱ ያልቃል።) ተጋጣሚዋ ካሊ ሪስ ናት። ሰባተኛው ዙር ላይ ሪስ መታቻት፤ ሴሲሊያ ወደቀች። ነጠላችንን ዓይናችን ላይ የሳብን ብዙ ነን። ተነሣች። ዙሩን ጨረሰች፣ አሥሩንም ጨረሰች፣ ዳኞቹም ለእሷ ፈረዱ።

ልጆቹ እዚያ ላይ ስልኩን ሊያጠፉት ነበር፤ ቀጥሎስ አልናቸው። ቀጥሎ በነሐሴ 2020 ተሸነፈች። 36 ጊዜ ተጋጥማ አንድም ሳትሸነፍ ቆይታ፣ ያን ምሽት ብታሸንፍ ዝነኛው ጆ ሉዊስ ሻምፒዮንነቱን 25 ጊዜ በተከታታይ በማስጠበቅ የያዘውን ክብረ ወሰን ታልፈው ነበር። ያሸነፈቻት ጀሲካ ማካስኪል ያኔ ቀን ቀን ቺካጎ ውስጥ በገንዘብ ተቋም ትሠራ የነበረች፣ በልጅነቷ ቤት አጥታ ከቤተሰቧ ጋር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታድር የነበረች ሴት ናት። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ እኩል ነው ሲል፣ ሁለቱ ለማካስኪል ፈረዱ። በ2021 እንደገና ተገናኙ፤ አሁንም ማካስኪል አሸነፈች። እውነቱን እንናገርና ከመካከላችን ልባቸው ወደ ማካስኪል ያዘነበለ ነበሩ። ሠርቶ አዳሪ ሠርቶ አዳሪን ያውቃል።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። አገራችን በኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችው በሩጫ ብቻ ነው፤ ከዚህ አዳራሽ የቦክስ ሻምፒዮን ይወጣል ብለን አንዋሻችሁም፣ ለደጋፊዎቻችንም እንዲህ ብለን አንጽፍም። ልጆቹም አላሉም። ያሉት፣ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እጃቸውን የሚይዛቸው ሰው እንዳለና እጃቸውን ማስለቀቅ እንደሚፈልጉ ነው። ይህን ቀድመን አልሰማንም ነበር። ቦክስ ባይጠይቁ ኖሮ አንሰማም ነበር።

ኮሚቴው ያቀረበው እንዲህ ነው፦ ልምምዱ በአዳራሹ ይሁን፣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ጭንቅላት መምታት አይፈቀድ፣ በየቅዳሜው ሁለት እናቶች በተራ እየመጡ ይቀመጡ። ከቁጠባው ሣጥን አንድ ብር አይነካም። የማትፈልግ እናት ልጇን አትላክ፤ ነገር ግን የሌላዋን ልጅ ስም አታንሣ።

ቡናው ፈልቷል። የተራውን ዝርዝር ጸሐፊዋ ይዛዋለች፤ የመጀመሪያውን ቅዳሜ የምትወስዱ ሁለት እናቶች ስማችሁን አስመዝግቡ፣ ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።