በቲፒ ማደር፤ የላኮታ ሕዝብ ቤትና የእንግዳው ግዴታ

(ለሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች ማኅበር አባላት የተደረገ ንግግር፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)



በሰሜን አሜሪካ፣ በደቡብ ዳኮታ ግዛት በሚገኘው የላኮታ ሕዝብ ምድር አንዳንድ ቤተሰቦች እንግዳን በቲፒ ያሳድራሉ። ብዙው ጎብኚ የሚሄደው ለመዝናናት ነው። ቤት መሥራትን ሙያው ያደረገ ሰው ግን ከዚያ አዳር ሌላ ነገር ሊማር ይችላል፤ ይኸውም የቤቱ ግማሽ በአጣናና በልባስ፣ ግማሹ ደግሞ በሰዎች ሥነ ሥርዓት የቆመ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ቲፒ የሚለው ስም «ይኖራሉ» ከሚለው የላኮታ ቃል የመጣ ነው። በሩቅ ሲያዩት ተራ ሾጣጣ ድንኳን ይመስላል። ሲመረመር ግን ጀርባው ቀጥ፣ ፊቱ ዘመም ያለ ነው፤ በሩም ወደ ፀሐይ መውጫ ይዞራል። ስለዚህ ከምዕራብ የሚመጣውን ብርቱ ነፋስ ጀርባው ይመክተዋል። ላኮታዎች አስቀድመው 3 አጣናዎችን ጫፋቸው ላይ አስረው ያቆሙና የቀሩትን በእነርሱ ላይ ያስደግፋሉ፤ ብላክፉቶች ግን በ4 ይጀምራሉ።

ዋናው ጥበብ ያለው በውስጠኛው መጋረጃ ነው። ይህ መጋረጃ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ሰው ቁመት ገደማ ድረስ በአጣናዎቹ ላይ ዙሪያውን ይታሰራል። የውጭው ልባስ ከመሬት ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ነፋሱ በሥሩ ገብቶ በልባሱና በመጋረጃው መካከል ሽቅብ ይወጣል፤ የምድጃውንም ጭስ እየጎተተ በላይኛው ቀዳዳ ይሄዳል። በአጣናው ላይ የሚወርደው የዝናብ ውኃም ከመጋረጃው ኋላ ይቀራል። በጭስ መውጫው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ክንፎች ከውጭ በቆሙ ሁለት ረዣዥም ዘንጎች ይዞራሉ፤ ነፋሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ እነርሱም አብረው ይለወጣሉ። ሙቀት ሲበረታ ደግሞ የልባሱ ግርጌ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ይነሣል።

ይህን ቤት የምትሰፋው፣ የምትተክለው፣ የምትነቅለውና በባለቤትነት የምትይዘው ሴቲቱ ነበረች። ለአንድ ልባስ 12 እና ከዚያም የሚበልጥ የጎሽ ቆዳ ይፈለግ ነበር። በጉዞ ጊዜ አጣናዎቹ በፈረስ ጎንና ጎን ታስረው ዕቃ መጎተቻ ይሆኑ ነበር። የአፋር ሴቶች የሰሌን ቤታቸውን አፍርሰው በግመል ሲጭኑ ያየ የአገራችን ባለሙያ የዚህ ዓይነቱን ዕውቀት ክብደት ለመረዳት አይቸገርም።

ሁለተኛው የቤቱ ግማሽ ሥነ ሥርዓቱ ነው። ቲፒ ክፍል የለውም፤ ሽማግሌ፣ ሙሽራና ሕፃን በአንድ ምድጃ ዙሪያ ያድሩ ነበር። ከበሩ ትይዩ፣ ከምድጃው ጀርባ ያለው ስፍራ የክብር ስፍራ ነው። በተቀመጠ ሰውና በእሳቱ መካከል አቋርጦ ማለፍ ነውር ነው። አማችና አማት በቀጥታ አይነጋገሩም ነበር፤ ይህም የመከባበር እንጂ የጠብ ምልክት አልነበረም። ከያንክተን ዳኮታ ወገን የተወለዱት የባህል ተመራማሪ ኤላ ዴሎሪያ በ1944 ባሳተሙት መጽሐፍ የዚህ ሕዝብ ኑሮ መሠረት ዝምድና መሆኑን አስረድተዋል። ማንም ሰው ሌላውን የሚጠራው በዝምድና ስሙ ነበር፤ እንግዳ እንኳ ቢሆን ወንድም ወይም አጎት ተብሎ ስፍራ ይሰጠው ነበር። ግድግዳ በሌለበት ቤት የግድግዳውን ሥራ የሚሠራው ይህ አክብሮት ነበር።

ይህ ቤት ያለ ታሪክ እንደ ቆየ የጥንት ቅርስ ሊታይ አይገባውም። የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በ1868 በፎርት ላራሚ በተፈረመው ውል ጥቁር ኮረብታዎች የተባለውን ምድር ለላኮታዎች አጽንቶ ነበር። በ1874 በዚያ ወርቅ ተገኘ፤ በ1877 ምድሩ በሕግ ስም ተወሰደ። በ1880ዎቹ የጎሹ መንጋ ተጨፍጭፎ ሊያልቅ ሲደርስ የቤቱ ልባስም አብሮ ጠፋ፤ በቆዳው ፈንታ ሸራ ገባ፤ ቤተሰቦችም ወደ ግንድ ቤት እንዲገቡ ተገፉ። ልጆች ወደ ሩቅ አዳሪ ትምህርት ቤት ተወስደው ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ተከለከሉ። በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለተወሰደው ምድር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። ላኮታዎች ግን ምድራችን አይሸጥም በማለት ገንዘቡን አልተቀበሉም። በ2016 በስታንዲንግ ሮክ የነዳጅ ቧንቧ በመቃወም በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በተሰበሰበ ጊዜ ቲፒዎች እንደ ገና በሜዳው ላይ ተተከሉ። ያን ጊዜ ቲፒ የአቤቱታ ቤት ሆኖ ቆመ።

እንግዲህ የአዳሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ተሸጦ ሥርዓቱ ሲቀር፣ ወይም ሥርዓቱ ራሱ ሸቀጥ ሲሆን፣ ጉዳቱ በሕዝቡ ላይ ይወድቃል። በ1993 የላኮታ፣ የዳኮታና የናኮታ ተወካዮች የሃይማኖት ሥርዓታቸውን በገንዘብ የሚነግዱትን በይፋ ያወገዙት ስለዚህ ነው። ምግብና መኝታ ሰጥቶ ዋጋ መቀበል ሌላ ነው፤ የጸሎትን ሥርዓት ለገበያ ማቅረብ ሌላ ነው።

ስለ ሆነም በቲፒ ለማደር የሚሄድ ባለሙያ ጥቂት ነገሮችን ቢጠብቅ ይበጃል። አዳሪው ከራሳቸው ከላኮታ ቤተሰቦች ዘንድ ይሁን፤ ገንዘቡም በእጃቸው ይግባ። ሳይፈቀድለት ፎቶግራፍ አያንሣ። ወደ ጸሎት ካልተጋበዘ ልግባ አይበል። ልኬት ከመውሰዱ በፊት የቤቱን እመቤት ይጠይቅ፤ ከእርስዋ የሰማውንም በስሟ ይመዝግብ እንጂ የራሱ ግኝት አያድርገው። ሲመሽ መጋረጃው እንዴት እንደሚታሰር፣ ክንፎቹ እንዴት እንደሚዞሩ ሲያሳዩት እጁን ይዘርጋና አብሮ ይሥራ። እንዲህ ያደረገ እንግዳ ቤቱን በሙሉ አይቶ ይመለሳል።