ስምና ቅጽልን ለይቶ ስለ መናገር
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የመረጥሁት ርእስ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ነው። «ለበዓል ቀን ሰዋስው ምን ያደርጋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» ብለዋል። እኛ በሶዶና በአካባቢዋ የምንማር ልጆች ብዙዎቻችን በቤታችን የወላይታን ቋንቋ እንናገራለን፤ ቀጥሎ አማርኛ እንማራለን፤ ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንዱን ቋንቋ በሌላው ልክ ለመስፋት የሚደረገው ሙከራ በእኛ ላይ ይበረታል። ይህ ሙከራ ከሚያሳስትባቸው ቦታዎች አንዱ ስምንና ቅጽልን መለየት ነው።

ስም ሰውን፥ ቦታን፥ ነገርን ወይም አሳብን የሚጠራ ቃል ነው። ቅጽል ግን የተጠራው ነገር እንዴት ያለ እንደ ሆነ ይገልጻል። ይህን ሁላችንም በታችኛው ክፍል ተምረነዋል። ችግሩ የሚመጣው አማርኛ በስም የሚናገረውን እንግሊዝኛ በቅጽል ሲናገረው ነው።

ለምሳሌ «እውነት ነው» እንላለን። እውነት በአማርኛ ስም ነው። ተማሪው ቃል በቃል ሲመልሰው «ኢት ኢዝ ትሩዝ» ይላል። የቋንቋው ባለቤት ግን የሚለው «ኢት ኢዝ ትሩ» ነው። ትሩዝ ስም፥ ትሩ ቅጽል ነውና። እንዲሁም «አገሩ ሰላም ነው» ለማለት እንግሊዝኛ «ፒስ» የሚለውን ስም ትቶ «ፒስፉል» የሚለውን ቅጽል ይወስዳል። «ራበኝ» በአማርኛ ግስ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን በቅጽል «አይ አም ሀንግሪ» ይባላል። «አይ አም ሀንገር» ያለ ሰው «እኔ ረኃብ ነኝ» ማለቱ ነው፤ እንዲህ ያለውንም እንግዳ ማንም በቤቱ አይቀበለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ «የ» የምትባለው ፊደል ናት። አማርኛ የኢትዮጵያ ቡና፥ የወላይታ ቅቤ፥ የወርቅ ቀለበት ብሎ ሁሉንም በአንዲት ፊደል ይጨርሳል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ስሙን እንዳለ ከፊት ያስቀምጣል፥ ወይም ወደ ቅጽል ይለውጠዋል። በ1938 ዓ.ም. የተመሠረተው አየር መንገዳችን በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን ኤርላይንስ» ይባላል እንጂ «ኢትዮጵያ ኤርላይንስ» አይባልም። የአገራችን ስም የራሱ ቅጽል አለውና። በ1999 ዓ.ም. በከተማችን የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ግን «ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ» ነው፤ ስሙ ሳይለወጥ የቅጽልን ሥራ ሠርቷል። ስለዚህ አንድ የሶዶ ልጅ በእንግሊዝኛ «አይ አም ኢትዮጵያን» ማለት አለበት፤ «አይ አም ወላይታ» ቢል ግን ትክክል ነው። «አይ አም ኢትዮጵያ» ካለ አገሩን በሙሉ እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ወርቅም እንዲሁ ነው። ከወርቅ የተሠራ ቀለበት ብዙውን ጊዜ «ጎልድ» ሲባል፥ የወርቅ መልክ ያለው የደረሰ የእህል ማሳ «ጎልደን» ይባላል።

እንግዲህ በምን እንለያቸዋለን? መጀመሪያ የቃሉን መጨረሻ እንመልከት። በ«ነስ»፥ በ«ሽን»፥ በ«መንት» የሚጨርሱ ቃላት አብዛኛዎቹ ስሞች ናቸው፤ ካይንድ ቅጽል ሲሆን ካይንድነስ ስም ነው። በ«ፉል» እና በ«ለስ» የሚጨርሱት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቅጽሎች ናቸው፤ ኬርፉል ጥንቁቅ፥ ኬርለስ ዝርክርክ ማለት ነው። ነገር ግን መጨረሻው ብቻ አይታመንም። ናሽናል እና ሆስፒታል በአንድ ድምፅ ይጨርሳሉ፤ የመጀመሪያው ቅጽል፥ ሁለተኛው ስም ነው። ስለዚህ የቃሉን ቦታ መመርመር ይገባል። «ቬሪ» የሚለውን ቃል ከፊቱ የሚቀበል ቅጽል ነው፤ «ቬሪ ኢምፖርታንት» እንላለን። «ዘ» ከፊቱ፥ «ኦፍ» ከኋላው የቆመለት ግን ብዙውን ጊዜ ስም ነው፤ «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ኤጁኬሽን» እንላለን። በጆሮ ሲሰሙ የሚመሳሰሉትን ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው የተቀመጡበት ቦታ ነው። በፈተና ላይ መልሱ የጠፋበት ተማሪ ከአራቱ ምርጫዎች በፊት ባዶውን ቦታ ይመልከት፤ ቦታው ራሱ የሚፈልገውን ይናገራል።

ክቡራን ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት ውስጥ ከፈተና የሚያልፍ አንድ ነገር አለ። በአማርኛ «አንድ ድሃ መጣ» ብንል ንግግሩ ሙሉ ነው። ድሃ ስምም ቅጽልም ይሆናልና። በእንግሊዝኛ «ዘ ፑር» ቢባል ድሆችን ሁሉ በአንድነት ይጠራል፤ ስለ አንድ ሰው ሲነገር ግን «ኤ ፑር» ብሎ ማቆም አይቻልም፤ «ኤ ፑር ማን» ማለት ግድ ነው። ሰዋስዉ ሰውዬውን ከድህነቱ አጠገብ እንድናቆመው ያስገድደናል። ድህነቱ ቢነሣለት ሰውነቱ ይቀራል።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ነገር ግን ሰው በሰው ላይ የሚያወጣው ስምም አለ። በወላይታም ሆነ በብዙው የአገራችን ክፍል ሸክላ የሚሠራው፥ ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ቆዳ የሚፍቀው ባለሙያ በሥራው እየተጠራ ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። እንስራውንና ማረሻውን ከእጁ እየተቀበልን የእጁን ሥራ መናቂያ ስም አደረግንበት። የእጅን ሥራ የሚገልጽ ቃል ተለውጦ የሰውዬው፥ ከዚያም የልጁና የልጅ ልጁ መጠሪያ ሆነ። ልጁ ተምሮ መምህር ቢሆን እንኳ ስሙ አልተነሣለትም። መግለጫ ከጊዜው ጋር ይለወጣል፤ ስም ሆኖ የተጣበቀ ግን ለማላቀቅ ያስቸግራል። ስለዚህ ሰነፍ፥ ደካማ፥ ድሃ የሚሉትን ቃላት በጓደኛችን ላይ ከመጣላችን በፊት፥ የዛሬ ሁኔታውን መግለጻችን ነው ወይስ ስም ማውጣታችን ነው ብለን እንጠይቅ።

እናንተ ወላጆቻችን፥ ብዙዎቻችሁ ይህን ቋንቋ ሳትማሩ እኛን እንድንማር ልካችሁናል። የተማርነውን አጥርተን ለመናገር፥ በተናገርነውም ማንንም ላለመጉዳት እንትጋ እያልሁ ንግግሬን እፈጽማለሁ።