ስለ ትሪሎቢትና ስለ ድንጋይ ዕድሜ
ለተማሪ ቤት ልጆች የሚነገር

ተማሪዎች ሆይ፤ ድንጋይ ዕድሜውን በመልኩ አይናገርም። ቀይ የአሸዋ ድንጋይ በአንዱ አገር እጅግ ያረጀ፥ በሌላው አገር ደግሞ ከዚያ ብዙ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ ዓይን ግን ሁለቱን መለየት አይችልም። ስለዚህ የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከድንጋዩ መልክ ይልቅ በውስጡ ተቀብሮ የቀረውን የእንስሳ ቅርጽ ይመለከታሉ። ይህም ፎሲል ይባላል። ለጥንታዊው ድንጋይ ታማኝ ምስክር ሆነው ከተገኙትም ፎሲሎች አንዱ ትሪሎቢት ነው።

ትሪሎቢት በባሕር ይኖር የነበረ፥ እንደ ሸርጣን ጠንካራ ቅርፊት የለበሰ፥ እግሩም ባለ አንጓ የሆነ እንስሳ ነው። ጀርባው ከራሱ እስከ ጅራቱ በሁለት ፈር ተከፍሎ ሦስት ስለሚሆን፥ ስሙ «ባለ ሦስት ክፍል» ማለት ሆነ። ከዛሬ 521 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ታየ፤ ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊትም ፈጽሞ ጠፋ። እስካሁን ከ20,000 የሚበልጡ ዓይነቶች ታውቀዋል። ባደገ ቍጥር እባብ ቆዳውን እንደሚጥል ቅርፊቱን ይጥል ነበርና፥ ራሱ ለብቻው ጅራቱም ለብቻው ተለያይቶ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሊቃውንት ዓይነቱን ሲለዩ በተለይ አራት ነገር ይመለከታሉ። መጀመሪያ በራሱ ላይ ያለውን ስፌት፥ ይኸውም ቅርፊቱ ሲጣል የሚሰነጠቅበትን መስመር፤ ሁለተኛ ዓይኑን፤ ሦስተኛ በደረቱ ላይ ያሉትን አንጓዎች ቍጥር፤ አራተኛ የጅራቱን መጠን ነው። አግኖስቱስ የተባለው ሁለት አንጓ ብቻ አለው፥ ዓይንም የለውም። በሲሉሪያን ዘመን የነበረው ካሊሜኔ 13 አንጓ፥ በዴቮኒያን ዘመን የነበረው ፋኮፕስ 11 አንጓ አላቸው። ኦሌኔሉስ ግን በራሱ ላይ ያ ስፌት የለውም፤ ዓይኑ እንደ ጨረቃ ማጭድ የጐበጠ፥ ሦስተኛው አንጓው ከሌሎቹ የበለጠ፥ ጅራቱም እጅግ ያነሰ ነው። እርሱም በካምብሪያን ዘመን መጀመሪያ ክፍል ብቻ ኖረ።

ዘመንን ለመለየት ግን ማናቸውም ዓይነት አይበቃም። በጎተራ አስቀድሞ የገባው እህል ከታች እንደሚሆን፥ አስቀድሞ የተነጠፈው የድንጋይ ንብብርም ከታች ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ስሚዝ እያንዳንዱ ንብብር የራሱ ፎሲል እንዳለው አስተውሎ፥ በ1815 በፈረንጆች አቈጣጠር የአገሩን የድንጋይ ካርታ አሳተመ። ነገሩ በገንዘብ ምሳሌ ይገለጣል። በፈረሰ ቤት አፈር ውስጥ የዳግማዊ ምኒልክ ምስል ያለበት ብር ቢገኝ፥ ብሩ ከእርሳቸው ዘመን በፊት እዚያ ሊወድቅ እንደማይችል ይታወቃል። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቢገኝ ግን ዘመኑን በትክክል አይለይም፤ ንግሥቲቱ ከሞቱ በኋላም የ1780 ምልክቱን እንደ ያዘ ብዙ ዘመን ሲመታ ኖሯልና። እንደዚሁም ለምስክርነት የሚጠቅመው ትሪሎቢት ጥቂት ዘመን የኖረና በብዙ አገር የተሰራጨው ነው።

የዚህም ጥቅም በስኮትላንድ ታየ። በሰሜን ምዕራብ በቶሪደን ቀይ የአሸዋ ድንጋይ የሆኑ ታላላቅ ተራሮች አሉ። ቀደምት ሊቃውንት መልኩን አይተው ዴቮኒያን ነው አሉ፤ ኋላም ሮድሪክ መርቺሰን ካምብሪያን ነው አለ። በ1891 ግን ከዚያ ቀይ ድንጋይ በላይ ባለው ንብብር ውስጥ ኦሌኔሉስ ተገኘ። ኦሌኔሉስ የካምብሪያን መጀመሪያ ክፍል ምስክር ነው፤ ቀዩም ድንጋይ ንብብሩ በላዩ ሳይነጠፍ አስቀድሞ ዘሞ፥ በውሃም ተሸርሽሮ ነበር። ስለዚህ ተራራው ከካምብሪያን ዘመን በፊት የተሠራ መሆኑ ተረጋገጠ። ዛሬ ዕድሜው 1,000 ሚሊዮን ዓመት ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ከእጅ መዳፍ የሚያንስ እንስሳ የተራራን ዕድሜ አቀና።

ፎሲል ቀዳሚውንና ተከታዩን ይለያል እንጂ የዓመቱን ቍጥር ብቻውን አይሰጥም። ቍጥሩ የሚገኘው በንብብሮች መካከል ከገባው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፤ በአመዱ ውስጥ ባለው ዚርኮን በተባለ ማዕድን ዩራኒየም ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ስለሚለወጥ፥ መጠናቸው ተመዝኖ ዓመቱ ይሰላል።

ይህ ሥርዓት ለሌላውም ፎሲል ይሠራል። በትግራይ የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ የባሕር ዛጎል ይገኛል፤ ትሪሎቢት ግን አይገኝበትም፤ ያ ድንጋይ ትሪሎቢት ከጠፋ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቈይቶ በጁራሲክ ዘመን ተነጥፏልና።

እንግዲህ በድንጋይ ውስጥ የእንስሳ ቅርጽ ያገኘ ተማሪ ከማንሣቱ በፊት ስፍራውንና ንብብሩን ይጻፍ፤ ለመምህሩም ያሳይ። ከየት እንደ ተገኘ ያልታወቀ ፎሲል ቃሉ እንደ ጠፋ ምስክር ነው።