«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ ዕድሜ



እኛ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች የምናውቀው ውኃ ሐይቃችንን ነው፤ ከእርሱም ወደ ባሕር የሚወጣ ወንዝ የለም። ይሁን እንጂ አገራችን ባሕር ኃይል ነበራት። ዛሬ የምንናገረው ስለ ዋናዋ መርከብ ስለ «ኢትዮጵያ» ነው። ዘመኑን የምንጠቅሰውም በአውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ይህች መርከብ በ1942 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ወደ ውኃ ወረደች፤ በ1944ም «ኦርካ» ተብላ አገልግሎት ጀመረች። ሥራዋ በውኃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና መስጠት ሲሆን፣ በጦርነቱ ጊዜ እስከ ፊሊፒንስ ደርሳለች። ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል ነበረ፤ የሚያንቀሳቅሳትም የናፍጣ ሞተር ነው።

በጥር 1962 ለኢትዮጵያ በውሰት ተሰጠች፤ በ1976 ደግሞ ተገዝታ የራሳችን ሆነች። መቀመጫዋን ምጽዋ አድርጋ የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንኖችን አሠለጠነች። በዚያም የደጋ ልጅ ኮምፓስ ማንበብን፣ ሞተር መጠበቅንና በማዕበል ላይ መቆምን ተማረ።

በ1990 ምጽዋ ከመንግሥት እጅ ወጣች። በ1991 መርከቢቱ መጠጊያ ወደብ አጥታ ወደ የመን ተሻገረች፤ በ1993ም በዚያው ለብረታ ብረት ተሸጠች። ባሕር ኃይሉም በ1996 ፈረሰ።

በ2019 ኢትዮጵያ ባሕር ኃይሏን እንደ ገና ለማቋቋም ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ፈረመች። መርከብ በገንዘብ ይገዛል፤ የባሕረኛ ሙያ ግን ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። የያኔዎቹ ወጣት መርከበኞች ዛሬ አርጅተዋል። ስለዚህ፣ ጓደኞቻችን ሆይ፣ በየሰፈራችን ያሉትን ፈልገን፣ ሳያልፉ ጠይቀን እንጻፍላቸው።