የቡድናችንን የዘንድሮ ውድድር አስመልክቶ የተደረገ ንግግር



በእሁዱ ስብሰባ የተናገርኩትን ያልሰማችሁ ስለበዛችሁ እንዲህ ጽፌ ለጥፌዋለሁ።

እንደሚታወቀው ቡድናችን ዘንድሮም ከታችኛው ዲቪዚዮን አልወጣም። በጥሎ ማለፉም ቶሎ ተሰናብቷል። በዚህም የተነሳ «ግማሹ ሰፈር ተነስቶ ሄዷል፣ ለማን ብለን ነው የምናዋጣው? ይፍረስና ይለይለት» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያቀረቡትን አልቀየምም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከዶሮ ማነቂያና ከአካባቢው ስንት ጎረቤት ወደ ከተማው ዳር እንደሄደ መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝና አውቀዋለሁ።

ነገር ግን ከመወሰናችን በፊት እዚሁ አራዳ የሆነውን ላስታውስ። ቅዱስ ጊዮርጊስን ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው በዋንጫው ብዛት ነው። አጀማመሩ ግን እንደኛው የሰፈር ልጆች ቡድን ነበር። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር አቋቋሙት። አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ገቡበት። ቡድኑ ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ስሙንም ነጠቁት፤ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ልብ በሉ፣ የእኛኑ ውቤ ሰፈር በጣልያን ስም ለብጠው! ልጆቹ ግን ኳሱን አልተዉም፤ ከነፃነት በኋላ ስማቸውን መልሰው ያዙ።

በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሊግ ሲጀመር የገቡት 5 ቡድኖች ነበሩ። አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች፣ አንዱ ደግሞ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። የአገሬው ልጆች ጊዮርጊስ ብቻ። ታዲያ ዋንጫውን ማን ወሰደ? እንግሊዞቹ። ጊዮርጊስ የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ1942 ዓ.ም. ነው። ቁጠሩት፣ 6 ዓመት። አቶ ይድነቃቸው ዘመናቸውን በሙሉ ለዚሁ ለአንድ ቡድን ተጫውተው፣ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ 1979 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

የኛ ልጆች እንደሳቸው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ተከላካዮቻችንን ያየ ያውቃል።

ደግሞ ጥሎ ማለፍና ሊግ አንድ አይደሉም። ጥሎ ማለፍ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ አለቀ። ሊግ ግን በየሳምንቱ 11 ልጅ ማሟላት ይጠይቃል። እኛ የተጎዳነው እዚያ ላይ ነው። ከዳር የሚመጡት ሁለት ታክሲ ይዘው ነው፤ የታክሲ ያጣ ይቀራል። ሳይጎድሉ የገቡበትን ጨዋታ ያያችሁ ትመሰክራላችሁ፤ ቢሸነፉም አልተዋረዱም።

ስለዚህ የኮሚቴው ሐሳብ ይኸ ነው። ከመዋጮው በቅድሚያ የልጆቹ የታክሲ ይከፈል፣ አዲሱ ማሊያ ይቆይ። ቡድኑ ይፍረስ አይፍረስ የሚለው ላይ ድምፅ የሚሰጠው በሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ከሰፈር የለቀቃችሁም መጥታችሁ ድምፃችሁን ስጡ፤ ስማችሁ ከመዝገቡ አልተሰረዘም።

የማኅበሩ ጸሐፊ