መጀመሪያ ይከፈል፣ ክርክሩ ይቆይ



እዚህ ካናዳ ዜግነት ስንቀበል የምንምለው መሐላ እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አዲስ ቃል ገብቶበታል። ሕገ መንግሥቱ የነባር ሕዝቦችን፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲን መብቶችና ውሎች እንደሚያጸና በአንደበታችን እንመሰክራለን። ይህ ዛሬ ከማነሣው የአካል ጉዳተኞች ፖሊሲ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ መልሴ አንድ ሕፃን ነው።

ጆርዳን ሪቨር አንደርሰን በ1999 ተወለደ፤ ወገኖቹ በሰሜን ማኒቶባ የኖርዌይ ሀውስ ክሪዎች ናቸው። ብርቱ የጤና እክል ስለነበረበት ዊኒፔግ ሆስፒታል ተኛ። ሁለት ዓመት ሲሞላው ሐኪሞቹ ልዩ እንክብካቤ እየተደረገለት ከሆስፒታል ውጭ መኖር እንደሚችል ተናገሩ። ሌላ የማኒቶባ ልጅ ቢሆን ወጪው የግዛቱ ነበር። የፈርስት ኔሽንስ ልጅ በመሆኑ ግን የፌዴራሉና የግዛቱ መንግሥት «ክፍያው የናንተ ነው»፣ «የለም፣ የናንተ ነው» ሲባባሉ ከሁለት ዓመት በላይ አለፈ። በከባዱ ወጪ ብቻ አልነበረም የተከራከሩት፤ ገላው ለሚታጠብበት የሻወር ራስ ዋጋ ሳይቀር ተሟገቱ። ጆርዳን በ2005፣ በአምስት ዓመቱ፣ እዚያው ሆስፒታል ሞተ። አንድም ሌሊት በቤተሰቡ ቤት አላደረም።

የጆርዳን መርህ የሚባለው ከዚህ ሞት የወጣ ነው። ልጁ አገልግሎት ሲያስፈልገው መጀመሪያ የተጠየቀው መንግሥት ይክፈል፤ ሒሳቡን በኋላ ይተሳሰቡ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በዲሴምበር 2007 ያለ አንድ ተቃውሞ ተቀበለው። መሥሪያ ቤቶቹ ግን አጠበቡት፤ ብዙ ዓይነት ጉዳት የሌለበት ወይም ሁለቱ መንግሥታት ያልተጣሉበት ልጅ አይመለከተውም ተባለ። የተወካዮች ጭብጨባ ብቻውን ለአንድም ልጅ ዊልቸር አይገዛም። መርሁን ያስከበረው ሙግት ነው። ፕሮፌሰር ሲንዲ ብላክስቶክ የሚመሩት የሕፃናት ማኅበርና የፈርስት ኔሽንስ ጉባኤ ከዓመታት ክርክር በኋላ በ2016 ረቱ፤ የካናዳ የሰብአዊ መብቶች ትሪቡናል ፌዴራል መንግሥቱ በፈርስት ኔሽንስ ልጆች ላይ አድልዎ መፈጸሙን ወሰነ። በ2017 ደግሞ የጊዜ ገደብ አስቀመጠ፦ አስቸኳይ የግለሰብ ጥያቄ በ12 ሰዓት፣ ሌላው በ48 ሰዓት ውስጥ ይመለስ። ያም ሆኖ በ2024 ትሪቡናሉ ስለተከመሩ ማመልከቻዎች እንደገና ማዘዝ ግድ ሆነበት።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ልጁ ሲያድግ የሚሆነው ነው። መርሁ የልጆች ነው። ጉዳቱ አብሮት ያድጋል፤ ጥበቃው ግን ለአካለ መጠን ሲደርስ ይቋረጣል። በማግስቱ ያው ሰው፣ በዚያው ዊልቸር፣ ማን ይክፈልልህ ወደሚለው የድሮ ጭቅጭቅ ይመለሳል። በ2019 የወጣው የካናዳ ተደራሽነት ሕግም አገሪቱን በ2040 ከእንቅፋት ነፃ አደርጋለሁ ቢልም፣ የፈርስት ኔሽንስ የአካባቢ ምክር ቤቶች ከሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ ግዴታዎች ለተወሰኑ ዓመታት ነፃ ተደርገዋል። ከነሱ ጋር ሳይመክሩ ሕግ አለመጫን ተገቢ ነው። ይሁንና ምክክሩ ለራምፑ፣ ለመንገዱና ለቤት ለቤት እንክብካቤው ገንዘብ ካላስከተለ፣ ለሪዘርቩ፣ ማለትም ለፈርስት ኔሽንስ ለተከለለው መሬት፣ ነዋሪ የሚተርፈው መጠበቅ ብቻ ነው። ፖሊሲውን ነባር ሕዝቦቹ ራሳቸው ይንደፉት፣ ያስተዳድሩትም፤ በጀቱ ግን በየዓመቱ የሚለመን ሳይሆን በሕግ የታሰረ ይሁን።

እኛም መራጮች ነን። በምርጫ ሰሞን በራችንን ለሚያንኳኩ ዕጩዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቤተሰብ ቪዛ እንደምንጠይቃቸው ሁሉ፣ ይህንንም እንጠይቃቸው፦ ሪዘርቭ ላይ የሚኖር አካል ጉዳተኛ ለአካለ መጠን በደረሰ ማግስት ወጪውን የሚሸፍንለት ማን ነው? በየትኛው ሕግ?